ጀርመን ወይስ አሜሪካ? ከድሬ ለሚነሳ ተማሪ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቡና ይዘን የእህቴን ልጅ ወረቀቶች ዘረጋን። ሁለት አገር፣ ሁለት ክምር።

ጀርመን አስቀድማ ገንዘብ አሳዪኝ ትላለች። ብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ውስጥ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ መቀመጥ አለበት። ገንዘቡ ግን የልጅቷ የራሷ ነው፤ እዚያ ስትደርስ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀላት ትኖርበታለች። ጣጣው ያን ያህል ዩሮ ማግኘቱ ላይ ነው። በአንጻሩ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራትም ትችላለች።

አሜሪካ መግቢያው ላይ ርካሽ ይመስላል። ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የሚባለውን የተቀባይነት ቅጽ ከላከላት በኋላ ለሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) 350፣ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር። ቪዛ ብትከለከል የማመልከቻው ብር አይመለስም። አይ-20 ለማግኘትም የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ማስረጃ ያስፈልጋል። ከዚያ ሁሉም ነገር በአጭር ቃለ መጠይቅ ላይ ይንጠለጠላል። «ተምሬ እመለሳለሁ» ብላ ማሳመን አለባት፤ ወረቀት ብቻውን አያወጣትም።

ለሁለቱም አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። (በቀጠሮው ዋዜማ መኪና አትሳፈሩ፤ ሁለት ቀን ቅደሙ።)

ሙሉ ስኮላርሺፕ ካገኘች አሜሪካ፣ ካላገኘች ጀርመን አልኳት። ዓይኗ ግን የአሜሪካው ክምር ላይ ነው።