አቶቴ አካባቢ ያለው የቅዳሜ ጂኦግራፊ ቱቶሪያል፣ ገብቼ ያየሁት

ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፣ እዚህ ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው ቱቶሪያል ካስገባሁት ሁለት ወሩ። በወር 800 ብር ነው፣ መጀመሪያ በዝቶብኝ ነበር አሁን ግን አይቆጨኝም። ድሮ የሚሄድበት ቦታ የፈተና ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያነቡላቸው።

ባለፈው ወላጅ ገብቶ ማየት ይችላል ሲሉ ከኋላ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ ስለ አንታርክቲካ በረዶ ነበር፣ እኔ እኮ በረዶ ከላይ በፀሐይ ብቻ የሚቀልጥ ነበር የሚመስለኝ። ቲቸሩ ትልቅ የመስታወት ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላና ቀይ ቀለም የገባበት ሞቅ ያለ የጨው ውሃ በቀጭን ቱቦ ከስር ለቀቀበት፣ ጨው ስላለው ከብዶ ታች ተኛ። ከዛ ከፍሪጅ የመጣ ወፍራም በረዶ ሲያንሳፍፍበት ቀዩን የነካው ሆዱ እያየነው ተቦረቦረ። ልጆቹ ተነስተው ከበቡት።

ፓይን አይላንድ የሚባለው ግግር በረዶም እንደዚሁ ነው አለ፣ ጫፉ አሙንድሰን ባሕር ላይ ተንሳፍፏል፣ አይስ ሼልፍ የሚሉት እሱን ነው፣ ከስሩ የሚገባው ጥልቅ ውሃ 1 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለኛ ብርድ ነው ግን የባሕር ውሃ በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ለማቅለጥ ይበቃል። በጣም የገረመኝ ከፈረንጆቹ 2010 እስከ 2012 ቅልጠቱ በግማሽ መቀነሱ ነው። ላኒና (የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ) መጥቶ ነፋሱ ሲቀየር ላይ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ወፈረ፣ ሙቁን ዝቅ አደረገው፣ ከበረዶው ስር ያለው የባሕር ወለል ጉብታ ደግሞ ገደበው።

አንዷ ልጅ «እና ቲቸር ተሻለው ማለት ነው? የሰው ጥፋት አይደለም?» አለችው። ጎበዝ! እሱም አልተቆጣትም፣ «ሐይቃችን ክረምት ሞልቶ በጋ ይጎድላል አይደል፣ በአንድ በጋ አይተሽ ሐይቁ እየደረቀ ነው ትያለሽ? የብዙ ዓመት ልኬት ነው የሚያሳይሽ፣ እዛም ባሕሩ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከሱ ስር ደግሞ የዓለም ሙቀት የሚገፋው አለ፣ ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው ከባዱ» አላት። የላኒና ተቃራኒ የሆነው፣ ፓሲፊክ የሚሞቅበት ኤልኒኖ ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ ሙቁን ውሃ ወደ በረዶው ስር ይበልጥ ያስገባል አለ፣ ያው በ2007 ክረምት ዝናብ ያስቀረብን ኤልኒኖ። ያንን ዓመት አልረሳውም፣ ስንት ሰው ከብቱ አልቆበታል። ከኛ ድርቅ ጋር ይገናኛል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም ነበር።

የማይመቸኝ ነገር አለ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጆቹ ተጣበው ነው የሚቀመጡት፣ የሚሰጡት ኮፒ ደብዝዞ አይነበብም (ልጄ ግማሹን እንደገና በእጁ ነው የገለበጠው)፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም። በዚህ ብር ቢያንስ ኮፒውን ያስተካክሉ።

3 ሰዓት ይጀምራል ቢሉም 3 ተኩል ነው የሚጀምሩት፣ ግን የፊት ወንበር ቶሎ ስለሚያልቅ ልጆቻችሁን በሰዓቱ ላኩ።