ድንጋይ ጠራቢው አባቴና የባሕር ሥር ተራራው ቀጥታ ስርጭት

ዋጋው ነፃ ነው። የሚያስወጣችሁ የኢንተርኔት ፓኬጅና ትንሽ እንቅልፍ ብቻ ነው።

የማወራው ኖኣ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ስለሚያስተላልፈው የጥልቅ ባሕር ቀጥታ ስርጭት ነው። ኦኪያኖስ ኤክስፕሎረር የምትባል መርከብ አለቻቸው። ዲፕ ዲስከቨረር የሚሉትን እስከ 6000 ሜትር የሚጠልቅ ሮቦት በገመድ ታወርዳለች፣ ሮቦቱ የሚያየውን እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ በዚያው ደቂቃ ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሚከታተለው ለዓሣውና ለኦክቶፐሱ ነው። እኔና አባቴ የምናየው ግን ለድንጋዩ ነው።

የጀመርነው መስከረም 2010 ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ 2017። ያኔ መርከቧ ከሃዋይ በስተሰሜን ባሉት የሙዚቀኞች ተራሮች ላይ ነበረች። ስማቸው እውነት ነው፤ ሞዛርት፣ ቤትሆቨን፣ ባክ እያሉ በሙዚቃ ደራሲዎች ስም የሰየሟቸው የባሕር ውስጥ ተራሮች ናቸው። ሃዋይ ከእኛ 13 ሰዓት ወደኋላ ነው። እነሱ ጠዋት ሮቦቱን ሲያወርዱ እኛ ጋ ምሽት 3 ሰዓት አልፏል። እራት ተበልቶ፣ ዜናው አልቆ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው የሚጀምረው። ለእኔ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም።

አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ከካባ የመጣውን ጥቁር ድንጋይ በመዶሻና በመሮ አስተካክለው አጥር፣ መሠረትና ደረጃ ሠርተዋል። አሁን ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ቤት ነው የሚውሉት። የመጀመሪያው ቀን «ምንድን ነው እሱ?» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ሮቦቱ መሬት እስኪነካ ከአንድ ሰዓት በላይ ወረደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚታየው ሰማያዊ፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ በመብራቱ ፊት እንደ በረዶ ብናኝ የሚያልፍ ነገር ብቻ ነው። ይሰለቻሉ ብዬ ፈራሁ። አልተነሱም።

ተራራው ሲታይ ግን ሁሉ ነገር ጥቁር ነው። ቁልቁለቱ፣ ድንጋዩ፣ የተደረመሰው ፍርስራሽ፣ አስፋልት የፈሰሰበት ይመስላል። አባባ ትንሽ ዝም ብለው አዩና «ይሄ ድንጋዩ አይደለም፤ ላዩ ነው ጥቁር። የለበሰ ድንጋይ ነው» አሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከባለሙያዎቹ አንዱ ያንኑ ተናገረ። እውነቴን ነው፣ ፀጉሬ ቆመ።

የለበሰው ነገር የብረትና የማንጋኒዝ ቅርፊት ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ነገር እንደሚይዘው ማለት ነው። ባሕሩ ውስጥ ሟሙተው ያሉት ብረትና ማንጋኒዝ ባዶ ድንጋይ ሲያገኙ ቀስ እያሉ ይለጠፉበታል። ማንጋኒዙ ደግሞ በተራው ኮባልቱንና ኒኬሉን ከውሃው እየለቀመ ያስቀራል፤ ቴሉሪየምና ፕላቲኒየምም ይገኝበታል። ኮባልቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ በመቶ አካባቢ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከ1 በመቶ ያልፋል። ቅርፊቱ እንዲይዝ ድንጋዩ ጭቃ ሊጫነው አይገባም፤ ለዚህ ነው ሞገዱ ዘወትር የሚጠርገው የተራራ ጀርባና ቁልቁለት ላይ የሚገኘው። በብረታ ብረት የሚበለጽገው በተለይ ከ800 እስከ 2500 ሜትር ጥልቀት ባለው ክፍል ነው።

አሁን ለእኔ የዚህ ስርጭት ምርጡ ክፍል ወደሆነው ልምጣ፤ ድንጋይ ማንሳቱ። ሮቦቱ አንድ ጊዜ ወርዶ እስኪወጣ የሚያነሱት ጥቂት ድንጋይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ቢሆን ነው። ስለዚህ ምርጫው ራሱ ክርክር አለው። በስልክና በኢንተርኔት ከየከተማው የተገናኙ ሳይንቲስቶች «እሱ ይሻላል፣ አይ ያኛው» ይባባላሉ። ሮቦቱ ሁለት ቀይ የጨረር ነጥቦችን ድንጋዩ ላይ ያበራል፣ በመካከላቸው 10 ሴንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ መጠኑን እኛም ማወቅ እንችላለን። ከዚያ ክንዱ ይዘረጋል። አንድ ቀን ያየነውን አልረሳውም። የብረቱ መንጋጋ የድንጋዩን ጠርዝ ያዘ፣ ወዘወዘው፣ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ቅርፊቱ ከሥሩ ካለው ጋር አንድ አድርጎ አጣብቆታል። ትንሽ ጥቁር ብናኝ ተነሳና ሞገዱ ወሰደው። ወደ ሌላው ሄዱ። ያም እምቢ አለ። አባባ ከወንበራቸው ወደፊት ተስበው «ከሥር! ከሥር ግባበት! ስንጥቁ በግራ በኩል ነው» እያሉ ለሮቦቱ ይጮሁ ነበር። በሦስተኛው ላይ የእንጀራ መሶብ ክዳን የምታክል ጠፍጣፋ ድንጋይ ብድግ አለች። ሥሯ ቢጫ ነበር። አባባ በጭብጨባ ተቀበሏት።

ይሄ ሁሉ ለአንድ ድንጋይ ለምን? መልሱ ቦታው ነው። ከድሮ ጀምሮ የባሕር ድንጋይ የሚወጣው በሰንሰለት ከረጢት ነው። መርከቧ ከረጢቱን በተራራው ጎን ላይ ትጎትተዋለች፣ የተቦጨቀው ሁሉ ውስጡ ይገባል፣ ላይ ሲወጣ ብዙ ድንጋይ አለ። ርካሽ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል፣ ብዙው የምናውቀው ነገርም ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ በትክክል አይታወቅም፤ ተንከባልሎ የመጣ ይሁን ቋሚው አለት ይሁን አይለይም። ሮቦቱ ያነሳት ድንጋይ ግን ቁጥር አላት፣ ሰዓት አላት፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ አላት፣ የውሃው ሙቀትና ኦክስጅን ተመዝግቦላታል፣ ጎረቤቷ ምን እንደነበረ በቪዲዮ ይታያል። አባባ ይሄን ሳስረዳቸው «ካባውን የማታውቀውን ድንጋይ ለመሠረት አትገዛም» አሉ። ከዚህ የተሻለ አልተናገርኩም።

ድንጋዮቹ ከመርከቧ ወርደው የሚሄዱት ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወዳለው የባሕር ድንጋይ ማከማቻ ነው። እዚያ ይቀመጣሉ፣ የሚያጠና ሰው ጠይቆ ይወስዳል። ሲሰነጠቅ ታዲያ ጉዱ ይወጣል። ቅርፊቱ እንደ ዛፍ ቀለበት ንብርብር አለው። የሚያድገው በሚሊዮን ዓመት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። ይህን በራሳችሁ አስቡት፤ ድንቅነሽ ከኖረችበት ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ያደገው ከ3 እስከ 16 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የእኛ ዘር ታሪክ በሙሉ በአውራ ጣት ስፋት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እድሜውን የሚያነቡት ከከባቢ አየር በሚወርድ ቤሪሊየም 10 በሚባል ራዲዮአክቲቭ ነገር ነው፤ በ1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል፣ ከቀረው ተነስተው ወደኋላ ይቆጥራሉ።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። የጀርመን ተመራማሪዎች በ1999 እና በ2004 (በፈረንጆቹ) ከፓስፊክ በወጣ ቅርፊት ውስጥ ብረት 60 የሚባል ራዲዮአክቲቭ የብረት ዓይነት አገኙ። ይህ ብረት ምድር ላይ በተፈጥሮ በዚያ መጠን አይገኝም፤ የሚሠራው ግዙፍ ኮከቦች ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ንብርብር ውስጥ ነበር። ስለዚህ ያኔ በአቅራቢያችን ኮከብ ፈንድቶ አቧራው ባሕር ውስጥ ወርዷል ማለት ነው፣ ይህች ጥቁር ቅርፊትም ዝም ብላ መዝግባዋለች። ለአባባ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም።

ጉድለቱስ? አለ። ንግግሩ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም የሙያ ቃል የበዛበት። እኔ እያቆምኩ ለአባባ እተረጉማለሁ፣ ቀጥታ ሲሆን ግን ማቆም አይቻልም። መርከቧ ዓመቱን ሙሉ ሮቦቱን አታወርድም፤ በማታወርድበት ጊዜ የተቀዳውን ማየት ነው። ደግሞ ሩብ ሰዓት ሙሉ ምንም የማይገኝበት ጊዜ አለ። እኔ እሱን እንደ ጉድለት አላየውም፣ ችኩል ሰው ግን ይቸገራል። የአባባ ቅሬታ ሌላ ነው። የድንጋዩ ድምፅ አይሰማም። «መዶሻ ቢያሳርፉበትና ብሰማው ኖሮ፣ ውስጡ የሞተ ይሁን ጤነኛ እነግርህ ነበር» ይላሉ። ሰምተው ድንጋይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ልክ ናቸው፣ ድምፅ ቢኖረው እኔም እወድ ነበር።

አማራጭ የምትፈልጉ ኖቲለስ የምትባለው መርከብም ተመሳሳይ ስርጭት አላት። በፈረንጆቹ 2022 ከሃዋይ ወዲያ ኑትካ በሚባል ተራራ አናት ላይ ያዩት «ቢጫ የጡብ መንገድ» በየማኅበራዊ ሚዲያው የዞረው የነሱ ነው። ሰው የጠፋ ከተማ ነው ሲል፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመሞቅና በመቀዝቀዝ የተሰነጠቀበት ነበር። ያ ጉዞ እነዚህ ቅርፊቶች ላይ የሚኖሩትን ረቂቅ ሕዋሳት ለማጥናትም የሄደ ነው። የኖቲለስ ተናጋሪዎች ሞቅ ያሉ ናቸው፣ ይስቃሉ፣ ልጆች ላሉበት ቤት እሷን እመርጣለሁ። ለድንጋይ ግን ኦኪያኖስ።

አሁን ማየት ለምን እንደሚገባ በቁም ነገር ልበል። እነዚህን ተራሮች መፋቅ የሚፈልጉ አሉ፣ ኮባልት ለባትሪ ይፈለጋል። ጃፓን በሐምሌ 2012 (በፈረንጆቹ ጁላይ 2020) ከራሷ የባሕር ክልል ተራራ ላይ በማሽን ቆፍራ 649 ኪሎ ቅርፊት ሞክራ አውጥታለች። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የባሕር ማዕድን ሥራን የሚያፋጥን ትዕዛዝ ፈርመዋል፣ ከአገራት የባሕር ክልል ውጭ ላለው ሥራ ፈቃዱን የሚመለከተውም ይኸው ኖኣ ነው። ስርጭቱን ያየ ሰው አንድ ነገር አይኑ ውስጥ ይቀራል፤ ኮራልና ስፖንጅ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ሥር የሰደዱት በዚያው ጥቁር ቅርፊት ላይ ነው። ሮቦቱ አንድ ድንጋይ ሲያነሳ እንኳ ምን የበቀለበት እንደሆነ ዞር ብሎ ያያል። ማሽን እንደዚያ አያይም። እኔ በበኩሌ የሚወሰነው ነገር ሁሉ ይሄን ካዩ ሰዎች አፍ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ነጥቤ ከ5 አራት ተኩል ነው። ግማሹን የቀነስኩት አባባ ስለ ድምፁ ስላሉት ነው። ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ የቪዲዮውን ጥራት ወደ 480 ዝቅ አድርጉት፣ ድንጋዩ በደንብ ይታያል። ለጀማሪ የሙዚቀኞች ተራሮችን የተቀዱ ጉዞዎች እመክራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ ተራራ የተነሳ፣ ለሁለት የተቆረጠ ድንጋይ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አጎሉት። ውስጡ ቡናማና ቢጫ፣ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ። አውራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ጠርዙን ለኩና «ይሄን የቆረጠው ሰው እጁ ጥሩ ነው፤ ቅርፊቱን አላስፈነጠረውም» አሉ። ከዚያ ዛሬ ማታ ሮቦቱ ይወርድ እንደሆነ ጠየቁኝ።