የኔታን ላመስግን፤ ባሕር ዳር ላይ የቲዎሪ ፊዚክስ አስጠኚ ለምትፈልጉ

ባለፈው ሳምንት የማስተርስ መመረቂያ ጽሁፌን አስረከብሁ። በምስጋና ገጹ ላይ መኖር የነበረበት አንድ ስም ግን የለም፤ ባለቤቱ ራሳቸው "ስሜን እንዳታነሺ" ብለው ስለከለከሉኝ። ስማቸውን ባልጠራም ሥራቸውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ተማሪዎቻቸው ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። በሽምብጥ በኩል፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ቤታቸው በረንዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለው የሚያስጠኑ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

የጥናቴ ርዕስ ጌጅ ሲሜትሪ ነበር፤ ይኸውም የመግለጫው ቆጠራ በየቦታው ቢለወጥም ተፈጥሮው ራሱ የማይለወጥበት ባሕርይ ነው። ለዓመታት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማርሁ በኋላ የተመለስሁ ስለሆንሁ ገና በመጀመሪያው ደጃፍ ተሰናከልሁ። የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው የሚያደርገውን ጉዞ የሚገልጸው፣ ፕሮፓጌተር የሚባለው ቀመር የሚገኘው፣ የንድፈ ሐሳቡ መነሻ ቀመር ከሆነው ከላግራንዥያኑ የሚወጣውን ኦፕሬተር፣ ማለትም የሒሳብ ትእዛዝ፣ በመገልበጥ ነው። የእኔ ኦፕሬተር ግን አልገለበጥ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሕተቴን ስፈልግ ቆየሁ። የኔታ ወረቀቴን አገላብጠው አዩና "ስሕተት የለብሽም፤ እስቲ ኦፕሬተሩን በራሱ በሞመንተሙ አባዢው" አሉኝ። በሞመንተሙ፣ ማለትም የፎቶኑን እንቅስቃሴ በሚገልጸው መጠን፣ አባዛሁት፤ የኦፕሬተሩ ሁለት ቁራጮች ተጣፍተው ዜሮ ወጣ። ወደ ዜሮ የወረደ ነገር የቀድሞ መልኩ ተመልሶ አይታወቅም፤ ስለዚህ የሚገለበጥ ነገር የለም። በዚያ አቅጣጫ የሚደረግ ለውጥ ተፈጥሮውን አይነካም፤ ለካ ሦስት ሳምንት ያባረርሁት ዜሮ ሲሜትሪው ራሱ ነበር።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ሦስት ሰዓት።"

"ከፈረንጅ ጋር የሚሠራው አስጎብኚ ደግሞ ዘጠኝ ይላል። ታዲያ የዘጌ ጀልባ ለማን ቀድማ ትነሳለች?"

ጀልባዋ ለማንም አትቀድምም፤ የተለያየው የቆጠራው መነሻ ነው። ከዚያ ጥያቄውን አከበዱት። በጣና ዙሪያ ያለ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን መነሻ ቢመርጥስ? ጎረቤት ከጎረቤት ለመስማማት ከቤት ወደ ቤት የሚዘልቅ የመለወጫ ደንብ ያስፈልገዋል። የጌጅ መስክ (መስክ ማለት በየነጥቡ የራሱ ዋጋ ያለው መጠን ነው) ማለት ያ ደንብ ነው፤ በኤሌክትሮማግኔቲዝም ፎቶን የሚመጣው ከዚያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ያንግ እና ሚልስ ይህንኑ ሐሳብ፣ ቅደም ተከተላቸው ሲቀያየር ውጤታቸው ወደሚለያይ ለውጦች አሰፉት። የፕሮቶን ውስጠ ቅንጣቶች የሆኑትን ኳርኮች የሚያስተሳስሩት ስምንቱ ቅንጣቶች፣ ግሉዎኖች፣ የሚገለጹት በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ፈንክሽናል ዘዴው፣ ማለትም አማራጮችን ሁሉ ስለሚደምረው ስሌት፣ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፋይንማን በ1948 ያሳተመው ፓዝ ኢንቴግራል ቅንጣት ሊሄድባቸው የሚችሉ መንገዶችን ሁሉ ይደምራል፤ ወደ መስክ ሲሻገር ደግሞ መስኩ ሊይዘው የሚችለውን ቅርጽ ሁሉ ይደምራል። ጌጅ ሲሜትሪ ባለበት ይህ ድምር አንዱን ሁኔታ ልብሱን እያለዋወጠ ማለቂያ የሌለው ጊዜ ይቆጥረዋል። የኔታ ይህን ያስረዱኝ በእድር ነው። የእድሩ አባል ቤቱ ነው፤ ጸሐፊው ለቅሶ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ እንደ አባል ቢመዘግብ መዝገቡ ይበላሻል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይበቃል። ቤቱ አንዱ ሁኔታ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ የሚለዋወጡት ልብሶቹ። ነገር ግን ተወካዮቹን የምንመርጥበት መስመር ሁሉንም ቤት በእኩል ማዕዘን ስለማያቋርጥ ማካካሻ ክብደት ያስፈልጋል። በሌኒንግራድ የነበሩት ፋዴዬቭ እና ፖፖቭ በ1967 በሁለት ገጽ ጽሁፍ ያሳዩት ያንን ክብደት ነው። ክብደቱ ዲተርሚናንት የሚባል፣ ከቁጥሮች ሠንጠረዥ የሚወጣ አንድ ቁጥር ነው፤ እርሱን በመስኮች ቋንቋ ስንጽፈው መናፍስት የሚባሉት መስኮች ብቅ ይላሉ። በምንም መሣሪያ አይያዙም፤ በስሌቱ ውስጥ ብቻ ይዞራሉ፣ እያንዳንዱ ዙራቸውም የመቀነስ ምልክት ይዞ ይመጣል።

በቃል አልተውኝም። የግሉዎኑን አንድ ዙር ስሌት፣ ማለትም ግሉዎኑ በጉዞው ለአፍታ ወደ ሁለት ተከፍሎ መልሶ ሲገጥም የሚመጣውን እርማት፣ ሁለት ጊዜ በእጄ አሠሩኝ። በፋይንማን ጌጅ፣ ማለትም ስሌቱን በሚያቀልለው የተወካይ አመራረጥ፣ ወደ ማለቂያ የለሽነት የሚሄደውን ክፍል ስናወጣ፣ የግሉዎኑ ዙር ብቻውን ከውጤቱ ሁለት ቁራጮች ለአንደኛው 19፣ ለሁለተኛው ደግሞ 22 ከመቀነስ ምልክት ጋር ይሰጣል፤ ሁለቱም ለ12 ይካፈላሉ። ሲሜትሪው ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እንዲሆኑ ያዛል፤ አይደሉም። የመናፍስቱ ዙር ለመጀመሪያው 1፣ ለሁለተኛው 2 ይጨምራል። 19 እና 1፣ 20፤ 22 ሲቀነስ 2፣ 20። ቁጥሮቹ ሲገጥሙ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። የኔታ ምንም አላሉም፤ ወደ ሐይቁ ዞረው ቡናቸውን ጠጡ። እንዲህ ያለ ጸጥታ የሚሰጥ አስተማሪ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ትሁፍት በ1971 እንዲህ ያሉ ንድፈ ሐሳቦች ማለቂያ የለሽ ውጤቶቻቸው በሥርዓት ሊወገዱ እንደሚችሉ ሲያሳይ መናፍስቱ ከስሌቱ ጋር ነበሩ፤ እርሱና መምህሩ ቬልትማን በ1999 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የፊዚክስ ሊቁ ግሪቦቭ በ1978 ያነሳውንም ጥያቄ የኔታ አልደበቁኝም፦ የመምረጫው መስመር አንዳንዱን ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ቢያቋርጠውስ? በጥቃቅን እርማት በሚሠራው ስሌት ችግሩ አይታይም፤ መስተጋብሩ ሲጠነክር ግን ይመጣል። ይህን የነገሩኝ ከእድሩ ምሳሌ ጋር ፍቅር ይዞኝ ሳለ ነው፤ ምሳሌው የት ላይ እንደሚያልቅ አብሮ ማሳየት የእርሳቸው ልማድ ነው።

ለምትፈልጓቸው አንዳንድ ነገር ልበል። ክፍያቸው በሰዓት ሳይሆን በምዕራፍ ነው፤ ገንዘቡንም የሚቀበሉት ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ምዕራፉን በሰሌዳ ላይ ካወጣው በኋላ ነው። እኔ አንዱን ምዕራፍ አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ አንድም ብር አልጨመሩብኝም። የቤት ሥራ ሠርተው አይሰጡም፤ ለዚያ የሄደ ተማሪ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። መስመራዊ አልጀብራና ክላሲካል መካኒክስ ሳትከልሱ አትሂዱ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ከዚያ ነው። ቲዎሪ ለማጥናት አዲስ አበባ መሄድ ግዴታ የሚመስላችሁ የባሕር ዳር ልጆች፣ በተለይም ሥራ ይዛችሁ የምትማሩ እህቶቼ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እርሳቸውን አግኟቸው።

አድራሻቸውን በአደባባይ አልጽፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ጠመኔ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌላ ስጦታ አይቀበሉም።