ያለ ፎርማት የተፈታ የአድኢን ችግር፦ በቱሉ ዲምቱ ያገኘነው የጥገና አገልግሎት

በቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚጠግን አንድ አነስተኛ ቤት አለ። የመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ክፍል ከኦፊስ 2010 ወደ አዲስ ኦፊስ ከተሸጋገረ በኋላ የኤክሴል አድኢኖቻችን (ኤክሴል ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠሩ የሚጫኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች) በሙሉ መሥራት ስላቆሙ ጥገናውን ለዚህ ቤት ሰጠን። በአካባቢው ባሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተመሳሳይ ችግር የሚያጋጥማቸው የሒሳብ ሠራተኞች ጥቂት እንደማይሆኑ ስለማምን፣ ያየሁትን ጥንካሬና ጉድለት እጽፋለሁ።

ወሩ ሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። በክፍያ ማዘዣ ላይ የብሩን መጠን በአማርኛ ፊደል የሚጽፍልን አድኢን ጠፍቶ በየሴሉ የቀረው የስህተት ምልክት ብቻ ሆነ። ኦፊሱን የቀየረልን ሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮቹን ፎርማት አድርጎ ሁሉንም እንደገና ቢጭንም ለውጥ አልመጣም።

የቱሉ ዲምቱው ባለሙያ ግን ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት «የድሮው ኦፊስ ስንት ቢት እንደነበር ያስታውሳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኦፊስ 32 ቢትና 64 ቢት በሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ይመጣልና፣ የችግሩ ቁልፍ ይህ ነበር። እስከ ኦፊስ 2016 ድረስ ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ የሚጫነው 32 ቢቱ ሲሆን፣ ከኦፊስ 2019 ጀምሮ ግን 64 ቢቱ ነው፤ ለ32 ቢት የተሠራ የኮም አድኢን (ለብቻው ፕሮግራም ሆኖ ተሠርቶ ከኤክሴል ጋር የሚያያዝ) ደግሞ ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ ፎርማት ቢደረግ በ64 ቢት ኤክሴል ውስጥ አይነሣም። ስለዚህ ለባንክ ክፍያ ዝርዝር የምንጠቀምበትን አድኢን በከንቱ ከመነካካት ይልቅ፣ የ64 ቢቱን ቅጂ ከሠሪው እንድንጠይቅ መከረን፤ ቅጂው ሲላክልን ሥራው በቀላሉ አለቀ።

ብሩን በፊደል የሚጽፈው አድኢን ከበድ ያለ ነበር። በቪቢኤ (ከኦፊስ ጋር በሚመጣው የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈ ስለሆነ በመሠረቱ በሁለቱም ቢቶች ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን የዊንዶውስን ተግባራት የሚጠሩት የዲክሌር መስመሮች በ64 ቢት ላይ ፒቲአርሴፍ የሚል ቃል እንዲጨመርባቸው ያስፈልጋል፣ የማስታወሻ አድራሻ የሚይዙት ተለዋዋጮችም ከሎንግ ወደ ሎንግፒቲአር መቀየር አለባቸው። ባለሙያው ቃሉን በጅምላ ከመጨመር ተቆጥቦ እያንዳንዱን መስመር ለይቶ አስተካከለ። ከዚህም በላይ የቀድሞው ድርጅት ኮዱን ሲገለብጥ «ሺህ»፣ «መቶ» የሚሉት ቃላት ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጠው አገኛቸው፤ የቪቢኤ መጻፊያ መስኮት የግዕዝ ፊደልን ስለማይቀበል ነው። ቃላቱን በአድኢኑ ውስጥ ባለ የተደበቀ ሺት ላይ አስቀምጦ ኮዱ ከዚያ እንዲያነባቸው አደረገ። አማርኛ የሚጽፍ ማክሮ (በቪቢኤ የተጻፈ የኦፊስ ፕሮግራም) ለሚያሠራ ሁሉ ይህ ሊያዝ የሚገባው ዘዴ ነው፤ እኔም ባለሙያውን ከልቤ ያመሰገንኩት በዚህ ሥራው ነው።

በኢሜይል የተላኩት አድኢኖች ያልተነሡበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነበር፦ ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ኦፊስ ከኢንተርኔት የመጣን ማክሮ በራሱ ያግዳል። የፋይሉን ምንጭ ካረጋገጡ በኋላ በፕሮፐርቲስ ውስጥ አንብሎክ የሚለውን መምረጥ ይበቃል።

ክፍያው ፎርማት ለማድረግ ከሚጠየቀው ከፍ ይላል፤ የተሠራው ሥራ ግን የሚያስከፍል ነውና ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተለወጠውን ነገር የሚዘረዝር ጽሑፍ ካልተጠየቁ አይሰጡም፤ ኦፊሱ ነገ እንደገና ቢቀየር ተረካቢው ባለሙያ ከባዶ ይነሣል። ሁለተኛውና የሚያሳስበኝ፣ አድኢኖቹ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲከፈቱ ሲሉ ሠራተኛው ሁሉ የሚጽፍበትን የጋራ ፎልደር በኦፊስ ውስጥ ታማኝ ቦታ (ማክሮ ሳይታገድ የሚከፈትበት) አድርገው መመዝገባቸው ነው፤ በዚያ ፎልደር የገባ ማንኛውም ማክሮ፣ ጎጂውም ጭምር፣ ሳይጠየቅ ይሠራል። ይህን ስናነሣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሰርዘው፣ በየኮምፒውተሩ ኃላፊው ብቻ የሚጽፍበት ፎልደር ለይተው መዘገቡልን። ወደዚህ ቤት የሚሄድ ሁለቱንም ጉዳዮች ሥራው ከመጀመሩ በፊት በውል ላይ ያስፍር።