ለመሥሪያ ቤታችሁ «ሙሉ ፓኬጅ» የቲም ቢልዲንግ ጉዞ ልትገዙ ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ከኮምቦልቻ 34 ሠራተኞች ሆነን ለቲም ቢልዲንግ፣ ማለትም ሠራተኛውን ለሚያቀራርብ ጉዞና ጨዋታ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን ወዳለችው ሐይቅ ወጥተን ነበር። ሰው ሳይጎዳ ተመልሰናል፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንዲህ ማለቴ ለወግ አይደለም፤ ያየሁትን ስታነቡ ትረዱኛላችሁ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ የምይዘው እኔ ነኝ። አዘጋጁን ያገኘሁትም ውሉን የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ማስታወቂያው የመጣው በቴሌግራም ነው፦ «ሙሉ ፓኬጅ፣ በነፍስ ወከፍ 2,600 ብር»። ትራንስፖርት፣ ቁርስና ምሳ፣ ዚፕ ላይን (በተወጠረ ሽቦ ተንጠልጥሎ መንሸራተት)፣ ገደል በገመድ መውረድ፣ ጀልባ፣ የገዳም ጉብኝት፣ የሠለጠነ አስተባባሪ፣ ቲሸርት፣ ሰርተፊኬት። ሲደመር 88,400 ብር፤ ከዚህ 60 በመቶው፣ ማለትም 53,040 ብር፣ በቅድሚያ። ያስገባነው በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው፤ «የድርጅቱ ሂሳብ እየተስተካከለ ነው» ስለተባልን። የተሰጠን በእጅ የተጻፈ ካርኒ እንጂ የማሽን ደረሰኝ አልነበረም። ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ስለ አገልግሎቱ የሚለውም «ሙሉ የቲም ቢልዲንግ ፓኬጅ በሐይቅ» ብቻ። ያ ሁሉ ዝርዝር ማስታወቂያው ላይ ቀረ። ይቺን መስመር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጉዞው የታሰበው ለቅዳሜ ነበር። ሁለት ቀን ሲቀረው «መኪናው ለቅዳሜ ተይዟል» ተብሎ ወደ ዓርብ ተሳበ። ዓርብ! ግማሻችን ጁምዓ ሰጋጅ፣ ግማሻችን ጿሚ። ምሳው ደግሞ የአንድ በግ ጥብስ ሆኖ መጣ፤ ማን እንዳረደው የሚያውቅ የለም። ሽሮ እንኳ አልተሠራም። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲደገስ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተሠርቶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ መበላቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ውል ላይ ይጻፍ ብዬ አላሰብኩም። ከእንግዲህ አስጽፋለሁ። ጥብሱ ሳይነካ ተመለሰ፤ 34 ሰው በዳቦና በሻይ ዋለ።

ዚፕ ላይን የሚባል ነገር አልነበረም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ አንዷ ባልደረባችን መኪና ውስጥ አይታ «ይሄ እኮ እንጦጦ ፓርክ ነው፣ እኔ ራሴ ወርጄበታለሁ» አለች። አስተባባሪው ሲጠየቅ «ለናሙና ነው» አለ።

የገደሉ ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሦስት ፎቅ በሚያህል ገደል አፋፍ ላይ፣ ከአንድ ባህር ዛፍ ጋር የታሰረ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ፤ አይሱዙ ላይ ጭነት የሚታሰርበት ዓይነት። ሰው የሚታሰርበት ደግሞ ግንባታ ላይ የምናየው የወገብ ቀበቶ። ሄልሜት አራት፣ እነሱም የግንባታ። ከጥገና ክፍል አብሮን የመጣ፣ ከፍታ ላይ ለመሥራት የሠለጠነ ባልደረባ ገመዱን በእጁ ዳብሶ «አንድም ሰው እዚህ ላይ አይወጣም» አለ። እሱ ባይኖር ኖሮ ሰው እናወርድ ነበር፤ ምክንያቱም ሌሎቻችን የምናየውን አናውቅም።

ያስረዳንን ላስተላልፍላችሁ። ለሰው የሚሠራ ገመድ ከናይሎን ተገምዶ በላዩ ሌላ ሽፋን የተጠለፈለት ነው። ለመውጫ የሚሆነው ሰው ሲወድቅ እየተለጠጠ የአወዳደቁን ኃይል ይውጣል፤ የአውሮፓ የጥራት ቁጥሩ ኢኤን 892 ነው። ለመውረጃ የሚሆነውና ብዙ የማይለጠጠው ደግሞ ኢኤን 1891። የጭነቱ ገመድ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሲወረድበት በሰበቃ ይግላል፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ከሆነማ ቀድሞም ተዳክሟል። ቀበቶው፣ ሃርነስ የሚሉት፣ ጭንን ጭምር የሚይዝ መሆን አለበት፤ ውስጡ ላይ ኢኤን 12277 የሚል ጨርቅ ተሰፍቶበታል፣ የተመረተበት ዓመትም አለበት። አምራቾቹ ራሳቸው፣ ሳይነካ የተቀመጠ ቢሆን እንኳ፣ ከተመረተ 10 ዓመት ያለፈውን ጣሉት ይላሉ። ወገብ ብቻ በሚይዝ ቀበቶ የተንጠለጠለ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከተገለበጠ ደግሞ ሊያመልጥ ይችላል። የግንባታ ሄልሜት የአገጭ ማሰሪያው ሲጎተት በቀላሉ እንዲለቅ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ከራሱ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ገመዱ የሚታሰርበት ቦታም አንድ ዛፍ ብቻ መሆን የለበትም፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው እንዲይዝ ሁለት ይሆናል። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። «ሃርነሱን ገልብጠህ ጽሑፉን አሳየኝ» ማለት በቂ ነው።

አስተባባሪው ግን «ፈሪ የለም፣ ቡድን ነው!» እያለ ያጨበጭብ ነበር። ደም ግፊት ያለባቸውን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን የሒሳብ ክፍል ኃላፊ በስማቸው ጠርቶ በሰው ፊት «ይምጡ እንጂ፣ ያሳፍራሉ» ሲላቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ጋሼ ዝም አሉ። ይህ የቲም ቢልዲንግ ሙያ ሥሩ የሚመዘዘው መርከበኛ ወጣቶችን ለማጠንከር እ.ኤ.አ. በ1941 ዌልስ ውስጥ ከተከፈተው አውትዋርድ ባውንድ ከተባለው ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው የሚያከብረው ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው እስከ የት እንደሚሄድ የሚመርጠው ራሱ ነው የሚል ነው። እምቢ ያለ ሰው ገመድ ይይዛል፣ ሰዓት ይቆጥራል፤ አይዋረድም። ከጨዋታው በኋላም ቁጭ ተብሎ ይወራል፦ ማን መራ፣ ማን አልተሰማም፣ ሥራ ቦታችን ላይስ ይህ እንዴት ይታያል? ጥቅሙ ያለው እዚያ ንግግር ላይ ነው። እኛ የተሰጠን ፎቶና ሰርተፊኬት ነው።

ከዚያ ጀልባው። የሐይቅ ውሃ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ዳር ሆኖ ሲታይ ግን አያስታውቅም። 12 ሰው ለምትጭን ጀልባ የመጣው ላይፍ ጃኬት አምስት ነበር፤ የሁለቱ ማሰሪያ ተበጥሷል። ዋና ማን ይችላል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ጠየቅሁ፤ ከ34 ሰው ስድስት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲታይ ያልተሳፈርነው ዳር ላይ ዱዓና ጸሎት ይዘን ቆምን። ላይፍ ጃኬት ሲሰጣችሁ ጠብቆ ከታሰረላችሁ በኋላ አንድ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው፤ ከአገጭ አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል ማለት ነው፣ ውሃ ውስጥ ጥሏችሁ ይንሳፈፋል። ለአንድ ሰው አንድ፤ ካልሆነ ጀልባው አይነሣም።

የገዳሙን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ታላቅ ገዳም፣ ሴት አይገባበትም። ከእኛ 15ቱ ሴቶች ነን። አዘጋጁ ይህን አያውቅም ነበር፤ ወይም ያውቅ ነበርና ግድ አልሰጠውም።

አሁን ወደዚያች መስመር። ቀሪውን 40 በመቶ አንከፍልም፣ ከከፈልነውም ይመለስልን ስንል አዘጋጁ ውሉን አውጥቶ አሳየን። «ሙሉ ፓኬጅ በሐይቅ ይላል፤ ሐይቅ ወስጃችኋለሁ፤ ፈጽሜያለሁ።» የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል፤ ይህን ተስፋ አድርገን ጠበቃ አማከርን። ጠበቃው ግን ሁለት ነገር አሳየን። አንደኛ፣ ውላችን «ቅድመ ክፍያ» እንጂ «ቀብድ» አይልም፤ ያ ራሱ ያከራክራል። ሁለተኛ፣ ሰውየው አልሰረዘም፤ ያጎደለውን ለማስረዳት ደግሞ ምን ቃል እንደገባ የሚዘረዝር ወረቀት የለንም። ያለን የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ነው፤ እሱንም ደግነቱ ሳይጠፋ በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ። በእሱና በካርኒው ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ብለናል፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃም ስለ አገልግሎትም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ስለዚህ ስትዋዋሉ እያንዳንዱ ነገር ውሉ ውስጥ በስሙና በቁጥሩ ይግባ፦ ስንት ሃርነስ፣ ስንት ላይፍ ጃኬት፣ ስንት አስተባባሪ፣ ምሳው የምን፣ በማን የታረደ፣ ቀኑ ቢቀየር ምን ይሆናል። የንግድ ፈቃዱን በቲን ቁጥሩ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ የፈቃዱ ዘርፍም ጉዞ ማዘጋጀት መሆኑን እዩ፤ የኛው አዘጋጅ ስሙ ሌላ ሥራ ላይ ነው የተገኘው። በግለሰብ ሂሳብ ብር አታስገቡ። ከግማሽ በላይ በቅድሚያ አትክፈሉ።

ከቤት አትውጡ ማለቴ አይደለም። የደሴውን የጦሳ ተራራ አገሩን ከሚያውቅ ልጅ ጋር በእግር መውጣት ብቻውን ሰው ያቀራርባል፤ ዋጋውም የመኪናና የስንቅ ነው። ራቅ ማለት የሚፈልግ በመቄትና በላስታ በኩል ገበሬው ራሱ እንግዳ የሚያሳድርባቸውን ማረፊያዎች ይጠይቅ፤ ብሩም እዚያው ይቀራል። የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ያሰበ ግን 4,260 ሜትር መሆኑን አይርሳ፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአንድ ቀን የሚወጣ አይደለም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ደግሞ መውረድ ነው ያለበት።

ለጥር እንዲህ ያለ «ሙሉ ፓኬጅ» ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ገና ጊዜ አላችሁ። ዛሬውኑ ደውላችሁ ዝርዝሩን በጽሑፍ ላክልን፣ ዕቃውንም ከጉዞው በፊት መጥተን እንየው በሉት። ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ዕቃውን ላሳይ አልችልም ካለ አትሂዱ፤ የከፈላችሁት ቢቀርም ይቅር።