«የሲዲ ሰርቨር» ልትገዙ ያሰባችሁ ቢሮዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ባሉት ሕንፃዎች ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ «የሲዲ ሰርቨር» የሚያሻሽጡ ሰዎች አሉ። «ዲስኮቻችሁን አንድ ጊዜ አስገቡ፤ ሠራተኛው ሁሉ ከወንበሩ ሳይነሣ ይከፍታቸዋል» ይላሉ። መሥሪያ ቤታችን የዓመታት የሕንፃ ንድፎችና የአፈር ምርመራ ሪፖርቶች በሲዲ ስላሉት፣ ሥራ አስኪያጃችን ወዲያው ገዙ። ገጥሞ የማሠራቱ ጣጣ ለእኔ ተረፈ።

ሳጥኑ ፊት ለፊቱ ላይ የሲዲ ማንበቢያዎች ተደርድረውበታል። ሁለት ሰዎች አንዱን ዲስክ በአንድ ጊዜ ከከፈቱ፣ ማንበቢያው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ሁለቱም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ይህ የ1990ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ዘዴ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ያለውን «አዲስ» የተባለ ሃርድ ዲስክ ግን ተዉት! ስቲከሩ ጠርዙ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ስቤ ስልጠው ከሥሩ ሌላ ስቲከር ወጣ። ዲስኩ ራሱ የሚመዘግበውን የሥራ ሰዓት ባይ ከ40 ሺህ በላይ ይላል፤ ያለ ዕረፍት ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ዞሯል ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ ባለ 2 ቴራባይት ሁለት ዲስኮችን አንድ ላይ አያይዘው «4 ቴራባይት» ብለው ሸጡልን። እንዲህ ሲያያዙ አንዱ ከተበላሸ የሁለቱም መረጃ አብሮ ይሄዳል።

አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን አልከፍት ሲሉ የሻጩ ባለሙያ መጣና ኤስኤምቢ 1 የተባለውን አሮጌ የፋይል መጋሪያ በየኮምፒውተሩ ላይ መክፈት ጀመረ። አስቆምኩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ በር ገብቶ ነው፤ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ከአዳዲስ የዊንዶውስ 10 ጭነቶች አውጥቶታል።

ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? አንድ ሲዲ ቢበዛ 700 ሜጋባይት ነው። 500 ሲዲዎች ሞልተው ቢገለበጡ 350 ጊጋባይት ያህል ይሆናሉ፤ ተራ ሃርድ ዲስክ ይበቃቸዋል። እያንዳንዱን ዲስክ ወደ አይኤስኦ ፋይል (የሲዲው ይዘት በሙሉ እንዳለ የሚቀመጥበት አንድ ፋይል) ገልብጣችሁ በጋራ ፎልደር አስቀምጡ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያሉት ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ይከፍቱታል። ሌላ ቅጂ ደግሞ ከቢሮ ውጭ አኑሩ።

ሰርቨር መግዛት የግድ ከሆነባችሁ፣ የዲስኩን የሥራ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ለማሳየት ከሚያንገራግር ሻጭ አትግዙ። ደረሰኙ ላይ «አዲስ» መባሉና የዲስኩ መለያ ቁጥር ይጻፍ። የእኛው ሻጭ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» እያለ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ መልሶ ቅያሪ ወይም ገንዘብ መጠየቅን ይፈቅዳል። ጥያቄያችንን በጽሑፍ አስገብተን የተፈረመበት ቅጂ ይዘናል፤ እናንተም በስልክ ብቻ አትነጋገሩ።