ከጂጂ አልበሞች የቱን እንግዛ?

የእጅጋየሁ ሽባባውን አንድ አልበም ብቻ መግዛት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው። በ2001 የወጣውንና በራሷ ስም «ጂጂ» የተባለውን ይግዛ። ይሄ መልስ ግን ለሁሉም አይሆንም። ያንን አልበም ሰምተው ልባቸው ያልገባላቸው ሰዎች አሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ለእነሱ ከሌሎቹ አንዱ ይሻላቸዋል። ስለዚህ አራቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው፦ «ጂጂ» (2001)፣ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» (2003)፣ «ጽዮን ሩትስ» (2003) እና «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» (2006)። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአራቱም ጀርባ ያለው ሰው አንድ ነው፤ ቢል ላስዌል። አሜሪካዊ የቤዝ ጊታር ተጫዋችና ፕሮዲውሰር ሲሆን የጂጂ የትዳር ጓደኛም ሆኗል። ጃዝ፣ ፈንክ፣ ዳብ፣ የህንድና የአፍሪካ ሙዚቃ ሲያቀላቅል የኖረ ሰው ነው። አልበሞቹን የሚለያያቸው አንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፦ የጂጂ ድምጽ ምን ያህል ከፊት ይቆማል? በ«ጽዮን ሩትስ» ድምጿ አጠገባችን ነው። በ2001ዱ ከትልቅ ባንድ ጋር እኩል ይሄዳል። በ«ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ከማሽን ምትና ከወፍራም ቤዝ ጋር ይታገላል። በ«ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ደግሞ ከሩቅ ብቅ ጥልቅ ይላል። ይህን ከያዛችሁ ምርጫው ግማሹ አለቀ።

የ2001ዱ «ጂጂ»

ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። የቆዩ ዜማዎችን የተማረችው ከቤተሰቧ ቤት ይመጡ ከነበሩ ቄስ መሆኑን ራሷ ተናግራለች። ኬንያ ኖራ፣ በ1998 ገደማ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደች። ከዚህ አልበም በፊት የሠራቻቸው ሁለት አልበሞች የሚሰሙት በዋናነት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ነበር። ከዚያ የቦብ ማርሊን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው የአይላንድ ሬከርድስ መሥራች ክሪስ ብላክዌል ፓልም ፒክቸርስ በተባለው አዲሱ ኩባንያው አስፈረማት። ሥራውም ለላስዌል ተሰጠ።

ላስዌል ስቱዲዮ የሰበሰባቸውን ሰዎች ስም ማየት ብቻ ያስደንቃል። ኸርቢ ሀንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስ፣ ሄንሪ ትሬድጊል። እነዚህ የአሜሪካ ጃዝ ቁንጮዎች ናቸው። ከኛ ወገን ደግሞ የዋልያስ ባንዱ ሳክስፎን ተጫዋች ሞገስ ሀብቴና ኪቦርዱ ላይ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ አሉ። የኛዎቹ መኖር ትልቅ ነገር ነው። የትኛው ኖታ የት ማረፍ እንዳለበት በጆሯቸው ያደገ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ቅኝቱ ይጠፋ ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

አልበሙ ሲወጣ ውጭ አገር ያሉ ሃያሲያን አሞገሱት። አገር ቤት ግን አከራከረ። በዚያ ዘመን ጆሯችን የለመደው በኪቦርድና በሪትም ማሽን የተሞላ የካሴት ሙዚቃ ነው። ጂጂ ያመጣችው ሌላ ነገር ነበር። ቤዙ ደረት ይነካል። ከበሮው ቦታ ይሰጠዋል። ሳክስፎኑ ዘፋኟን ተከትሎ ከመድገም ይልቅ የራሱን ወሬ ያወራል። ዘፈኑም አንዳንዴ ቃል ሳይኖረው ዝም ብሎ ይፈሳል።

እስከ ዛሬ ስለዚህ አልበም ከማንም ጋር ብታወሩ ከአራት ዓይነት አድማጮች አንዱን ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው «ድምጿን ሸፈኑባት» ይላል። ለዚህ ሰው የጂጂ ሀብት ድምጿና ግጥሟ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ይሄን አስተያየት አከብረዋለሁ። «ጉድ ፈላ»ን በስልክ ስፒከር ለሰማ ሰው እውነትም ሙዚቃው የተጨናነቀ ሊመስል ይችላል። በጥሩ ማዳመጫ ሲሰማ ግን ድምጿ የራሱ ሰፊ ቦታ አለው፤ ቤዙ ከሥር ነው፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከጎን ናቸው።

ሁለተኛው አድማጭ በጃዝ በኩል የመጣ ነው። የሀንኮክን ወይም የሾርተርን ስም አይቶ ይገዛል። ይሄ ሰው ረጅም ሶሎ ከጠበቀ ቅር ይለዋል። ታላላቆቹ እዚህ የመጡት ሊያጅቡ ነው። ገባ ብለው ጥቂት ነገር ጥለው ይወጣሉ። እኔ ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም፤ እንዲያውም ያንን ያህል ስም ይዞ ለዘፈኑ መታዘዝ ያስከብራቸዋል። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን ቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ሦስተኛው አማርኛ የማይሰማ አድማጭ ነው። እሱ ምቱን፣ ቤዙንና የድምጿን መውጣት መውረድ ይዞ ይሄዳል። ብዙ የውጭ አገር አድማጭ በዚህ አልበም በኩል የአምስት ድምጽ ቅኝታችንን ተዋውቋል። ለፈረንጅ ወዳጅ ስጦታ የምትፈልጉ ከሆነ ሳታመነቱ ይሄን ስጡ።

አራተኛው ከአልበሙ ጋር አብሮ ያደገው ትውልድ ነው። ለእሱ ክርክሩ ራሱ አይገባውም። «አድዋ»ን በየዓመቱ የካቲት 23 ሲሰማ ነው ያደገው። «አባይ»ም የሕዳሴው ግድብ ግንባታ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ከበፊቱ በበለጠ በየቦታው ተሰምቷል። ትናንት «ይሄ የኛ ሙዚቃ ነው ወይ?» የተባለበት አልበም ዛሬ በብሔራዊ በዓል ቀን ይከፈታል። እኔን ወደዚህ አልበም የሚያደላኝም ይሄ ነው። አንድ ሥራ ገና ሲወጣ የሚባልበትና ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው የሚያደርገው ሲለያይ፣ እኔ የማምነው ሰው የሚያደርገውን ነው።

«አድዋ»ን ለይቼ ላንሳ። አልበሙን የሚዘጋው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ምትና ቤዝ በኋላ ሙዚቃው ረጋ ይላል፤ ግጥሙ ሙሉ በሙሉ ከፊት ይመጣል። ነጻነታችን በሰው ሕይወት የተገዛ መሆኑን ያለ ጩኸት ትነግረናለች። ፉከራ የለበትም፤ ምስጋና ነው። «ድምጿን ሸፈኑባት» የሚለው ወዳጄ ከመጨረሻው ዘፈን ቢጀምር ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል። ከአገር የራቀ ሰው ደግሞ «ናፈቀኝ»ን ይሰማል። ዱባይም ይሁን ዋሽንግተን፣ የቤተሰብና የአገር ቤት ናፍቆት ያለበት ሰው ይሄን ዘፈን ለብቻው ቢከፍተው ይሻላል፤ ሰው መሀል እንባ ያመጣል።

«ጽዮን ሩትስ»፦ ለወላጆቻችሁ የምትገዙት

ይሄኛው በጂጂ ስም አልወጣም። «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የባንድ ስም ነው የወጣው። ስለዚህ «ጂጂ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያገኘው ይቀራል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ከአራቱ ብዙ ሰው ያልሰማው ግን ለኛ ጆሮ የቀረበው እሱ ነውና።

እዚህ ኤሌክትሮኒክሱ ቀንሷል። ክራርና ዋሽንት ወደ ፊት መጥተዋል። «ባቲ ባቲ»ን የመሰሉ ሁላችንም የምናውቃቸው ዜማዎች አሉበት። እህቷ ትዕግስት ሽባባውም አብራት ዘፍናለች። ትዕግስት በ2008 በሞት ተለየችን፤ የሁለቱን እህትማማቾች ድምጽ አንድ ላይ መስማት ብቻውን አልበሙን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ድምጻቸው የአንድ ቤት ነው። ግን ትዕግስት ወፍራምና መሬት የያዘ ድምጽ አላት፤ ጂጂ ደግሞ ከላይ ትበራለች።

ድክመት የለውም ወይ? አለው። በ2001ዱ ያለው «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» የሚያሰኝ ድንገተኛነት እዚህ ያንሳል። ውህደቱ ለስላሳ ነው። ጃዝ ወይም ዳንስ ፈልጎ የመጣ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። የ2001ዱን ሰምተው ፊታቸውን ላዞሩ እናትና አባት ግን ከዚህ የተሻለ ማስታረቂያ አላውቅም። እሁድ ቡና እየተፈላ የሚከፈት ነው። ከዚህ ጀምረው ወደ 2001ዱ ቢሄዱ ያንኛውም ይከፈትላቸዋል።

«ጎልድ ኤንድ ዋክስ»

በ2006 ጂጂና ላስዌል ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዱ። የማሽን ምት በዛ፣ ቤዙ ይበልጥ ወፈረ፣ የህንድ ሙዚቃም ገባ። ሳራንጊ የሚባለውን የህንድ ባለ ክር መሣሪያ ይጫወቱ የነበሩት ታላቁ ኡስታድ ሱልጣን ካን አሉበት። ሳራንጊ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚገረፍ በመሆኑ ከኛ ዜማ ጋር ሲገናኝ ባዕድነት አይሰማም። እኔ ይሄን አልበም የምወድበት ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

አድማጮች በብዛት የሚያነሱት ቅሬታ አልበሙ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሙቀት ይሄዳል የሚል ነው። እስማማለሁ። የ2001ዱ ሩጫም እረፍትም አለው፤ ይሄኛው እረፍቱ ጥቂት ነው። ግጥሞቹ እንደ ወትሮው ጠንካራ ናቸው፣ ግን በምቱ ውስጥ ተደብቀው ያልፋሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተሰሙ አይያዙም። መኪና ውስጥ ወይም ጥሩ ቤዝ ባለው ስፒከር ግን ሌላ ነው። በባህል ዜማና በኤሌክትሮኒክ ዳንስ ቅልቅል ያደገ ወጣት ከሁሉም በፊት በዚህኛው ሊገባ ይችላል። ለእናንተ ሮፍናን የሚገባችሁ ከሆነ ይሄ ይገባችኋል።

«ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ልንገራችሁ፤ አዲስ የዘፈን አልበም አይደለም። ላስዌል የ2001ዱን ቅጂ ወስዶ በጃማይካ የዳብ ስልት እንደገና ያቀናበረው ነው። ዳብ ማለት ዘፋኙን ቀንሶ፣ ቤዝና ከበሮውን አጉልቶ፣ ድምጽን በማስተጋባት ውስጥ መበተን ነው። ስለዚህ የጂጂ ቃል እየተቆራረጠ ይመጣል፣ ይጠፋል። ግጥም ለሚወድ ሰው ያበሳጫል። ለሥራ፣ ለንባብ ወይም ለሌሊት ጉዞ ግን ግሩም ነው። የ2001ዱን በቃል ካላወቃችሁ አትግዙት፤ ደስታው የምታውቁት ዜማ ከጭጋግ ውስጥ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ግጥም ለምትወዱና አንድ ብቻ ለምትገዙ የ2001ዱ። ሁለት የመግዛት አቅም ካላችሁ «ጽዮን ሩትስ»ን ጨምሩ፤ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላሉ። ምት ለምትወዱ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ»። አራተኛውን ለመጨረሻ አቆዩት።

ስትፈልጉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጂጂ በሚል ስም የሚጠሩ ሌሎች የውጭ አገር ሙዚቀኞች ስላሉ ውጤቱ ይደባለቃል። ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አስገቡ፣ ወይም የላስዌልን ስም ጨምሩ። የዘፈኖቹ ርዕስ በላቲን ፊደል በየቦታው በተለያየ አጻጻፍ ይገኛል፤ አንዱ አልመጣ ሲላችሁ የለም ብላችሁ አትተዉት። ያገለገለ ሲዲ የምትገዙ ሰዎች ከውስጥ ያለው ወረቀት መኖሩን ጠይቁ፤ በተለይ የ2001ዱ ላይ ማን ምን እንደተጫወተ ሳያዩ መስማት ግማሽ ደስታ ነው። ዲጂታል የምትገዙም ብትሆኑ የተሻለ ጥራት ያለውን ፋይል ምረጡ። የላስዌል ሥራ ከታች ነው ያለው፤ ቤዙ ከተበላ የቀረው ቀጭን ነገር ነው።

አራቱንም ይዛችሁ አሁንም ላልጠገባችሁ «ምስጋና ኢትዮጵያ» አለላችሁ። በ2010 የወጣ፣ ጂጂ ከላስዌል ማቴሪያል ባንድ ጋር መድረክ ላይ ያቀረበችው ሥራ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀናበረው ሁሉ እዚያ በሰው እጅ ሲጫወቱት ይሰማል።